አውጣ ወይም ጨምር

"አንተ ሰውዬ፣ ደም! እጅህን አውጣ ከዚያ ውስጥ!"

ብስክሌት ጠጋኙ ቀና አለ። የጮኸበት ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ደንበኛ እስኪመጣለት ድረስ ጠዋት ጠዋት እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሰው ያማል። ጠጋኙ በጉልበቶቹ መሃል ያቀፈውን ጎማ ተመለከተ። በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ቀይ መስመር ተሰምሯል። አውራ ጣቱን ሲያወጣው፣ ሲፈልገው የነበረው እሾህ ከነቁመቱ ሥጋው ውስጥ ተሰክቶ ወጣ።

እሾህ የሚፈለገው እንዲህ ነው። ጎማው ከቸርኬው ይወጣና አውራ ጣት በውስጡ ቀስ ብሎ ይዞራል። ጫፉ የወጋህ ቦታ ላይ ትቆማለህ፤ በቃ። ጠጋኙ ይህን ሥራ የጀመረው ጢም ሳያወጣ ነው። ዛሬ ግን ጣቱ እሾሁ ላይ አልቆመም፤ እየተቧጨረ አልፎት፣ ዞሮ መጥቶ እንደገና አልፎት፣ በመጨረሻ እሾሁ ራሱ ታክቶት ነው መሰል ተነቅሎ ተከተለው።

"አላመመህም እንዴ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"አመመኝ እንጂ።"

"እና ዝም ትላለህ? እኔ ምላጭ ቢስተኝ ሰፈሩን ነው የማናጋው።"

"አንተማ ሳይስትህም ታናጋለህ።"

ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ፤ ደንበኛ ሲመጣ አይቶም ተነሥቶ ሄደ። ጠጋኙ እሾሁን በጉጠት ነቅሎ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ የብሎን መፍቻውን አንሥቶ ጫፉን አውራ ጣቱ ላይ ጫነው። ቆዳው ሲጎደጉድ ታየው። ጨመረ። ቆዳው ነጣ። መፍቻውን ሲያነሣው ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ተሞላ። ይህን ሁሉ ያወቀው በዓይኑ ነው። የግራ እጁንም ሞከረ፤ ያው ነው። የሻዩን ብርጭቆ ቢጨብጥም ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ ሊለይ አልቻለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እሱ ፕላስተር ፈልጎ ለጠፈበት።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ምንም ነገር በቅጡ ተሰምቶት አያውቅም። ቀባሪዎቹ "ጊዜ ይፈታዋል" ብለውት ነበርና እየጠበቀ ነው። ምግብ ጣዕሙ ሲጠፋበት ሐዘን ነው አለ። ሰው ቀልዶ ሁሉም ሲስቅ እሱ ዘግይቶ ሲስቅ፣ ሐዘን ነው አለ። የጣቶቹ ጫፍ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ሲመስለው፣ ኋላም ጉንዳኑ ጭራሹን ሲጠፋ፣ ያንንም ከሐዘኑ ላይ ደመረው። ቤቱ በሙሉ ሲጨልም አንዷ አምፖል ለብቻዋ መቃጠሏን ማን ልብ ይላል? ሚስቱ በሕይወት እያለች፣ እሷው ታማ ተኝታ፣ "ይሄን ጣትህን ለሐኪም አሳይ" ብላው ነበር። "መጀመሪያ አንቺ ዳኚ" ብሏት ነበር።

አሁን፣ ፕላስተሩን እየለጠፈ፣ ሰሞኑን የነካካቸው ጎማዎች አንድ በአንድ ትዝ አሉት።

በአካባቢው ብስክሌት የሚነዳ ሁሉ የሚጠራው "ጋሽ አውራጣት" እያለ ነው። የንፋስ መለኪያ ይዞ አያውቅም። ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ "አውጣ" ወይም "ጨምር" ይላል፤ ሦስተኛ ቃል የለውም። በየዓመቱ በበጋ፣ ኮረብታው ላይ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ በሚካሄደው ውድድር ዋዜማ፣ ተወዳዳሪዎቹ ብስክሌታቸውን ከሱቁ ግድግዳ ጋር አስደግፈው ይሰለፋሉ። እሱ እየዞረ ይጫናል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ትልቁን የብረት ፓምፕ ተሸክማ ከኋላው ትከተለው ነበር። "ጨምር" ካለ ፓምፑን ታቀርባለች፤ "አውጣ" ካለ ቆማ ትጠብቃለች። ይህን ሰልፍ ሳያደርግ የሚወዳደር የለም። ሰልፉ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ውድድሩ ነገ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ጎማ ሁሉ ለስልሶ እየታየው ነበር። የተጫነውን ሁሉ "ጨምር" ብሏል።

ረፋዱ ላይ ረጅሙ ፋርማሲስት እያነከሰ ገባ። ፋርማሲው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ነው የመጣው፤ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። ፊቱ ግን ልደቱ እንደሚከበርለት ሕፃን ያበራል።

"ጋሼ፣ ወደቅኩልዎት!"

"የት?"

"ቁልቁለቱ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ። ትናንት ለልምምድ ወጥቼ፣ ጠጠሩ ላይ የፊት ጎማዬ ብን ብሎ ጠፋ። እሱ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ!"

ጠጋኙ መታጠፊያውን ያውቀዋል። በበጋ መሬቱ ደርቆ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ በላዩ ላይ ጠጠሩ ወለል ላይ እንደፈሰሰ ሽምብራ ይበተናል። ከመታጠፊያው ወዲያ ገደል ነው። እዚያ ላይ ጎማ ከጠነከረ ይዘላል እንጂ አይዝም። ትንሽ ንፋስ የጎደለው ጎማ ግን መሬቱን እንደ መዳፍ ይጨብጠዋል፤ ሰው አያምንም እንጂ ሸካራ መሬት ላይ የሚፈጥነውም እሱ ነው።

"ጎማው…" አለ ጠጋኙ።

"ጎማው ምን አደረገ! ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎ ዘንድሮ ጠንካራ ነው ያሉት፤ ጠንካራ ጎማ ደግሞ ጎበዝ ይፈልጋል።"

"ማነው ጠንካራ ያለው?"

"እርስዎ ነዎታ! ባለፈው 'ጨምር፣ ጨምር' ሲሉኝ ገርሞኝ ቤቴ ሄጄ በመለኪያ ለካሁት። ሠላሳ አራት! አምና ሃያ ሁለት ነበር። መሬቱ ዘንድሮ ከመጠን በላይ ስለደረቀ አስበውበት ነው አልኩ። ለጓደኞቼም ነገርኳቸው። አሁን ሁሉም ሠላሳ አራት ነው።" ፋርማሲስቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሁለቱ ወድቀዋል፤ ግን እነሱም አልለመዱትም።"

እንደ ድሮው ቢሆን ጠጋኙ ይሄኔ ልቡ ድው ይል ነበር። ዛሬ ልቡ ምንም አላለም። ፋርማሲስቱ ክርኑን እያሳየ ሲስቅ ከንፈሮቹን ብቻ ነበር የሚያየው። መናገር እንዳለበት አውቋል፤ ማወቅ ግን ከመናገር ጋር የተያያዘ ነገር አልመስልህ አለው።

"ለክርንህ ተጠንቀቅ" አለ።

"ችግር የለም ጋሼ፣ መድኃኒቱ በእጄ!"

ፋርማሲስቱ እያነከሰ መንገዱን ተሻገረ። ጠጋኙ እሾህ ያወጣለትን ጎማ ቸርኬው ላይ መልሶ ነፋው፤ በልማድ አውራ ጣቱን አሳረፈበት። የነካው ግድግዳ ይሁን ጎማ፣ አላወቀም።

ሴት ልጁ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት የመጣችው ሁለቱን የብስክሌቷን ቸርኬዎች በሁለት ትከሻዋ አንግታ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ እጇ ላይ የጠመኔ አቧራ አለ። ከበሩ ጀምራ ታወራለች።

"አባዬ፣ ወሰንኩ። ፊትም ኋላም መላጣውን!"

ግድግዳው ላይ ሦስት ዓይነት ጎማ ተሰቅሏል። ስም ያወጣችላቸው ሟች ሚስቱ ናት። ጥርሳሙ ለጭቃ ነው፤ በዚህ ወራት ማንም አያየውም። ጥርሰ ደቃቁ መሃሉ ላይ ጥቃቅን ጥርስ፣ ዳር ዳሩ ላይ ጠንከር ያለ ጥርስ አለው። መላጣው ቀላልና ለስላሳ ነው፤ ደረቅ መንገድ ላይ ጥይት ነው። ችግሩ፣ መታጠፊያ ላይ ለማንም አይታዘዝም።

"ጥሩ ነው" አለ ጠጋኙ፤ መላጣዎቹን ሊያወርድም እጁን ዘረጋ።

ልጁ ጭነቷን መሬት ላይ አኖረች። "ጥሩ ነው? እንዲያው በቃ?"

"የፈለግሽው ነው።"

"አባዬ፣ መላጣ ከፊት ላድርግ ብዬህ እኮ ነው! አምና ይህን ብል ኖሮ ከሱቅህ ታባርረኝ ነበር።"

"አምና ሌላ ነው።"

ልጁ መላጣውን ፈልጋው አልነበረም። የመጣችው ለክርክሩ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በውድድር ዋዜማ እዚህ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። እሷ ፍጥነት ትላለች፣ እሱ መያዝ ይላል፣ እናቷ መሃል ገብታ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ትላለች፤ በመጨረሻ ሦስቱም ይስቃሉ። ከሐዘኑ ወዲህ አባቷ ለሁሉ ነገር "ጥሩ ነው" የሚል ሰው ሆኗል። ቤቱን ቀለም እንቀባው ስትለው ጥሩ ነው። የእናቷን ልብስ ልስጥ ወይ ስትለው ጥሩ ነው። ልብሱን ከሰጠች በኋላ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ብቻዋን አልቅሳለች።

"እሺ" አለች፤ "አንተን ሆኜ እኔው ልከራከር።" ድምፅዋን አጎርንና፣ እንደሱ ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች። "'ስሚ ልጄ፣ የኋላው ይገፋል፣ የፊቱ ይመራል። ለሚገፋው ፍጥነት ስጪው፤ ለሚመራው ጥርስ ስጪው። መላጣ ከፊት የሚያደርግ ሰው ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ ነው።' ብለኸኝ አታውቅም?"

"ብዬሻለሁ።"

"እና ልክ ነህ ወይስ አይደለህም?"

"ልክ ነኝ።"

"በቃ ተረታሁ!" አለች። ሳቀች። ብቻዋን ነው የሳቀችው፤ ሳቋም ቶሎ አለቀ።

መላጣውን ለኋላ፣ ጥርሰ ደቃቁን ለፊት አወረደ። እጆቹ ሥራውን ያውቁታል። የጎማውን አንድ ጠርዝ ቸርኬው ውስጥ አስገባ፤ ሌላውን በመዳፉ እየገፋ አዞረው፤ መጨረሻ ላይ የሚያስቸግረውን ቦታ በጉልበቱ ደግፎ አስገባው። ልጁ አባቷ እሁድ ከነካላት አሮጌ ጎማ እኩል እስኪጠነክር በትልቁ ፓምፕ ነፋች። ከዚያ ከቦርሳዋ ትንሿን የንፋስ መለኪያ አውጥታ አየቻትና በሩ አጠገብ ያለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረቻት።

"ምን ሆነች?"

"ተበላሽታለች። አትቆጣም?"

"አልቆጣም።"

"ሁልጊዜ ተደብቄ እለካሃለሁ። አንተ በጣትህ ተጭነህ ስትጨርስ እኔ ቤት ሄጄ እለካዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ቁጥር ካላየሁ አላምንም። ግን ሁልጊዜ ሃያ ሁለት ነው አባዬ! አንድም ቀን ስተህ አታውቅም። ለእማዬም ነግሬያት፣ 'እንዳትነግሪው፣ ይኮራብናል' ብላኝ ነበር።"

"እሺ?"

"እሁድ የነካህልኝን አሮጌ ጎማ ስለካው ሠላሳ አራት አለኝ። ያው መለኪያዋ አርጅታለች ማለት ነዋ።"

ጠጋኙ ቅርጫቱን ተመለከተ። ከቁጥር በቀር አላምንም የምትለው ልጁ ቁጥሩን ጥላ ጣቱን አምናለች።

"ነገ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልይዝ ነው የምለቀው" አለች፤ አዲሱን ጎማ እያሻሸች። "አምና ፈርቼ ነው ወደ ኋላ የቀረሁት። እማዬ መጨረሻው ላይ ውኃ ይዛ ቆማ፣ 'አባትሽ የነካውን ጎማ ይዘሽ ምን ያስፈራሻል?' አለችኝ። ዘንድሮ አልፈራም።"

"ስሚ…" አለ ጠጋኙ።

"ወዬ?"

በሩ ላይ ድምፅ በዛ። ተወዳዳሪዎቹ መምጣት ጀምረዋል። ፋርማሲስቱ በታሰረ ክርኑ መሪውን ይዞ ከፊት ነው። ሌሎቹም ብስክሌታቸውን ከግድግዳው ጋር እያስደገፉ ተሰለፉ፤ አንዱ ጉልበቱ ተልጧል፣ አንዱ አገጩ ላይ ፕላስተር አለ። ፀጉር አስተካካዩም መቀሱን እንደያዘ ለማየት ወጣ። ልጁ ብስክሌቷን ከመኪናዋ አውርዳ ቸርኬዎቹን ገጠመችና እንደ ወትሮው መጀመሪያ ላይ አቆመቻት፤ የሷ መጀመሪያ የሚነካው ለአባቷ ጣት ማሟሟቂያ ነው ይላሉ። ከዚያ እጇን ወደ ፓምፑ ዘረጋች።

"ዘንድሮ እኔ እይዝልሃለሁ" አለች ቀስ ብላ።

ጠጋኙ ከብስክሌቷ ፊት ቁጢጥ አለ። ፕላስተር የለጠፈበትን አውራ ጣቱን ጎማው ላይ አሳረፈ። ሁሉም እንደ ወትሮው አንገቱን አሰገገ። ተጫነ። ጎማው ሲጎደጉድ በዓይኑ አየ፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም። ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ፤ ልማድ ነው። ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለው፤ አንዱን ቢል ያልፋል፤ ሰልፉ ያልቃል፤ ሰዉ "አምላክ ይስጥልን" ብሎ ይሄዳል። ልጁም ነገ ፍሬን ሳትይዝ ትወርዳለች።

"በል እንጂ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ያንተ ጣት ዛሬ መጽሐፍ ነው እንዴ የሚያነበው?"

አንዳንዶቹ ሳቁ። ጠጋኙ ተነሣ። ወደ ሱቁ ተመልሶ ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ አለ፤ ከተቆረጠ ላስቲክና ከዘይታም ወረቀት መሃል መለኪያዋን አውጥቶ በሽርጡ ጠረጋት። ተመልሶ መጥቶ የልጁ ጎማ የንፋስ መግቢያ ቫልቭ ላይ ገጠማት።

"ስንት ትላለች?" አላት።

"ሠላሳ አራት። ተበላሽታለች አልኩህ እኮ አባዬ።"

"አልተበላሸችም።"

ማንም የገባው የለም። አገጩ ላይ ፕላስተር ያለበት ወጣት ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ።

"ጣቴ ነው" አለ ጠጋኙ። ድምፁ ስለ ሌላ ሰው ጎማ እንደሚያወራ ሰው ነበር። "አይሰማኝም። ሰሞኑን ጨምሩ ያልኳችሁ ሁሉ ስህተት ነው። መታጠፊያው ላይ የወደቃችሁት በኔ ነው።"

"ጠዋት ያ ደም…" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"አልተሰማኝም። ዋሸሁህ።"

ፋርማሲስቱ ክርኑን አየ፤ ጠጋኙን አየ። ሲስቅ የነበረው ፊቱ አሁን ሌላ ሆኗል። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ዓይነት ነገር ይሰማዎት ነበር?"

"ነበር። ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት።"

"ሐዘን ጣት አያደነዝዝም። ሰኞ ሐኪም ጋ እኔው ራሴ ነኝ ይዤዎት የምሄደው። እንቢ ቢሉ በግድ።"

ጠጋኙ ራሱን ነቀነቀ። ልጁን ነበር የሚያየው። ልጁ ፓምፑን እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች።

"እንጃ ልጄ። ሁሉ ነገር አንድ ላይ ነው የሄደው። የቱ መቼ እንደሄደ አላውቅም።"

ብዙ ልትለው የፈለገችው ነገር ነበር፤ አብዛኛው ቁጣ ነው። ግን ከሐዘኑ ወዲህ በ"ጥሩ ነው" ሳያልፋት እውነቱን የነገራት አሁን ገና ነው፤ ይህንንም ልብ ብላለች። ፓምፑን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"አውጪ" አላት ጠጋኙ።

ቁጢጥ ብላ ቫልቩን ተጫነች። ንፋሱ እየፏጨ ወጣ። እያቆመች ትለካለች፤ እንደገና ታወጣለች።

"ሃያ ሁለት" አለች በመጨረሻ።

"አሁን መለኪያዋን ተያትና በጣትሽ ተጫኚው። ደህና አድርገሽ። ምን ይልሻል?"

አውራ ጣቷን አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። "እንጃ… ይገባልኝና፣ ከዚያ ይመልሰኛል።"

"እሱ ነው። ያንን ያዢው። ወደሚቀጥለው ሂጂ፤ መጀመሪያ በጣትሽ፣ ከዚያ በመለኪያ።"

ልጁ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ፋርማሲስቱ ብስክሌት ሄደች። ተጫነች። ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች፤ ማድረጓንም አላወቀችም። "አውጣ" አለች። ፋርማሲስቱ ጎንበስ ብሎ አወጣ፤ አብዝቶ አወጣ።

ጠጋኙ መሬት ላይ የቀረውን ፓምፕ ተመለከተ። ጎንበስ ብሎ አነሣው።

"አንተ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ዛሬ ሁሉም አውጣ አይደለም እንዴ?"

"ካወጡ በኋላ የሚጎድልባቸው አይጠፋም።"

ከልጁ ኋላ ሆኖ ከብስክሌት ወደ ብስክሌት ሄደ። ሰልፉ ገና ግማሽ ሳይደርስ ፓምፑ ከበደው። ብረቱ ክንዱን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ትከሻው ላይ የሆነ ነገር መንዘር፣ ቀጥሎም ማመም ጀመረ። ይህን ያህል ይከብዳል ብሎ አስቦ አያውቅም። በየዓመቱ፣ ሰልፉ እስኪያልቅ፣ ሚስቱ ከኋላው ይዛው ስትዞር አንድም ቀን ከበደኝ ብላው አታውቅም፤ እሱም ዞር ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

"ጨምር" አለች ልጁ ከፊቱ።

"መጣሁ" አለ፤ ፓምፑንም ወደ ሌላው እጁ ሳያዛውር ተከተላት።